ብዩ ወደ ካልሲው ሲመለስ

ግሮይ ደሴት፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1974

ውድ ሃልቫር፣

«ደኅና ነን ብላችሁ አትጻፉልኝ፤ እሱ ዜና አይደለም» ስላልክ፣ ዜና ይኸውልህ። ያለፈው ሳምንት ንፋስ የእትዬ ማግናን የዶሮ ቤት ጣሪያ ገንጥሎ ባሕር ከተተው። ከዶሮዎቹ አንድም አልሞተም። እትዬ ማግና ግን ከዚያን ዕለት ጀምራ እግዜርን አኩርፋዋለች፤ እሁድ ጸሎት ቤት ትመጣለች እንጂ ለመዘመር አፏን አትከፍትም።

አሁን ወደ ሥራችን። አራት ጀልባዎች በአንድ መስመር በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊታሰሩ ይችላሉ ለሚለው ጥያቄ አሥራ ስድስት ብለሃል። አራትን በአራት አባዝተህ ነው፤ ገብቶኛል። ግን እስቲ የኛን ወደብ አስበው። ለመጀመሪያው ቦታ አራት ጀልባ አለህ። አንዱን ካሰርከው በኋላ ለሁለተኛው ቦታ የቀረህ ሦስት ነው። ከዚያ ሁለት። የመጨረሻው ቦታ ምርጫ የለውም፣ የተረፈውን ይቀበላል። አራት በሦስት፣ በሁለት፣ በአንድ ሲባዛ ሃያ አራት ነው። አንድ ጀልባ ሁለት ቦታ ሲታሰር አይተህ ታውቃለህ? የእጮኛዬን የአርኑልፍን ጀልባ አንድ ቦታ ማሰሩ ራሱ ስንት መከራ ነው!

አትቆጣ፣ እየቀለድኩ ነው። ግን አምና እንዲህ ያለውን ጥያቄ ድንች እየላጥክ ነበር የምትመልሰው። እኔ እማዬ ስትሞት ትምህርቴን ትቼ እቤት የቀረሁት አንተ የኔንም ድርሻ ትማርልኛለህ ብዬ ነው። ምን ነካህ? ፍቅር ነው እንዴ?

ለጠየቅኸኝ፦ አዎ፣ ከትሮንድሄም ተመልሰናል። አባዬ መርከቡ ላይ ሁሉ ሰው ሲያየው ነበር። እጆቹ እንደምታውቀው አንድ ቦታ አያርፉም፤ ሾርባውን ያመጣችለት ሴትዮ «አባት፣ በጠዋቱ?» አለችው። በሕይወቱ አንድ ብርጭቆ ያልቀመሰ ሰው! አሁን ግን ቢያንስ ሰካራም አለመሆኑን ሐኪሞቹ አረጋግጠውልናል። ነርቭ ነው አሉ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ስትመጣ እነግርሃለሁ።

የእጅ ጽሑፍህ ግን ምን ሆነ? የመጨረሻውን ገጽ መስኮት ላይ አስደግፌ ነው ያነበብኩት።

እህትህ ቶርዲስ


ቦዶ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1974

እህት ዓለም፣

ፍቅር አይደለም። ፍቅር ቢሆን ሮልፍ ከኔ ቀድሞ ለከተማው ሁሉ ያወራው ነበር። ሮልፍ ማለት ከኔ ጋር የሚያድረው ልጅ ነው፤ አንድ መኝታ ክፍል ነው የሰጡን። ምላሱ ረጅም ነው፣ ልቡ ግን ጥሩ ነው። የእጅ ጽሑፌን በተመለከተ ጥፋቱ የማሞቂያው ነው። ክፍላችን ከመቀዝቀዙ የተነሳ ጣቶቼ ይደርቃሉ። በዚያ ላይ ብዕሬ ወድቆ ጫፉ ተጣሟል። ይቅርታ።

ሃያ አራት መሆኑን ካየሁት በኋላ አፈርኩ። ከዚያ የባሰ ላውራልሽ። መምህር ሆልተ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይ ቢወረወር ቢያንስ አንዱ ስድስት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከሠላሳ ስድስት አሥራ ሁለት አልኩት።

«ሁለቱም ስድስት የሚሆኑበትን ስንቴ ቆጠርከው?»

«አንዴ።»

«እስቲ ሰሌዳው ላይ እያሳየህ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ለካ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ሮልፍ ከኋላ «ሃልቫር ሁለት ሁለት ያያል፣ አባቱ ቤት የለመደው ነው!» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ሮልፍ አባዬ ሰካራም ነው እየተባለ የሚወራውን ሰምቶ አልነበረም፣ ዝም ብሎ መቀለዱ ነው። ማታ ስነግረው በጣም ደነገጠ፤ ይቅርታ ሲጠይቀኝ አደረ። መምህር ሆልተ ግን አልሳቀም። «ስድስት የማይገኝበትን ቁጠርና ከጠቅላላው ቀንስ፤ አምስት በአምስት ሃያ አምስት፣ የሚቀረው አሥራ አንድ» አለኝና ጠጋ ብሎ «አምና ከክፍሉ ፈጣኑ አንተ ነበርክ እኮ» አለኝ። ባይለኝ ይሻል ነበር።

አሁን የምንማረው ከካልሲ ውስጥ ብይ ማውጣት ነው። ካልሲው የራሱ የመምህር ሆልተ ነው፣ ግራጫ ሱፍ፤ እግዜር ይስጠው ንጹሕ ነው። ጥቁርና ነጭ ብይ ይከትበታል፣ ዓይናችንን ጨፍነን እናወጣለን። አንዳንዴ ያወጣነውን መልሰን እንከታለን፣ አንዳንዴ አንመልስም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው ይላል።

በሰርጋችሁ ላይ የማደርገውን ንግግር ጀምሬዋለሁ። አርኑልፍ በቀን ሦስት ቃል የሚናገር ሰው ስለሆነ፣ በአንቺ ቤት ሁለቱ «እሺ» እና «እሺ» ይሆናሉ የሚል ቀልድ አለበት። አትንገሪው።

«ነርቭ» ምን ማለት ነው? አንቺ ነገር ማድበስበስ አትወጂም ነበር። ለገና ስመጣ ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ።

ወንድምሽ ሃልቫር


ግሮይ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1975

ውድ ሃልቫር፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ለአንድ ሳህን ብዬ እንደዚያ ማልቀሴ ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል። የእማዬ ሳህን ስለነበረ ነው። ከእጅህ ማምለጡ ጥፋት አይደለም፤ ከማንም እጅ ዕቃ ይወድቃል። ሌላ ምክንያት አትፈልግለት። ወደ ጀልባው ስትወርድ ክንድህን የያዝኩትም ንቄህ አይደለም፣ ድንጋዩ በረዶ ስለነበረ ነው። አንተ ግን «አሮጊት አደረግሽኝ» ብለህ ሳትሰናበተኝ ሄድክ። ጀልባው እስኪርቅ ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። ዞር ብለህ አላየህም።

የአባዬን ነገር በገና እነግርሃለሁ ብዬ አልነገርኩህም። እውነት ነው። አባዬ እንዳየኸው ነበር፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር፣ አንተም ደክሞህ ነበር። ከፈተናህ በኋላ ይሁን። አሁን አንተ አእምሮህን ለትምህርትህ ስጥ። እለምንሃለሁ፣ በዚህ አትጫነኝ።

አርኑልፍን በተመለከተ፣ ሰርጉ ተራዝሟል። ተጣልተን አይደለም። እሱ ምንም አላጠፋም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፣ እሱንም አትጠይቀው። ጀልባውን ይዞ ለኮድ ዓሣ ወደ ሰሜን ሄዷል፤ እስከ ፀደይ አይመለስም።

አንድ ጥያቄ ልስጥህ፣ ልምምድ ይሆንሃል። የመምህርህ ካልሲ ውስጥ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ብይ አለ እንበል። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ አንድ አንድ ያወጣሉ። ሁለቱም ነጭ የማውጣት ዕድላቸው ስንት ነው? እኔ ሠርቼዋለሁ፣ ግን መልሴን አላመንኩትም። ካንተ መስማት እፈልጋለሁ።

ከክረምቱ ረጅም ጨለማ በኋላ ፀሐይ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተራራው ጀርባ ብቅ ብላ ተመለሰች። አባዬን ወንበሩን መስኮት ጋ አድርጌለት ነበር፤ እሷ ስትወጣ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አልቀሰቀስኩትም።

እህትህ ቶርዲስ


ቦዶ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1975

ቶርዲስ፣

ሳልሰናበትሽ መሄዴ አሁንም ይቆጠቁጠኛል። ከሰሞኑ እንዲህ ሆኛለሁ፤ በትንሽ ነገር ደሜ ይፈላል፣ ከዚያ እራሴን እጠላለሁ። ሮልፍን ባለፈው በጫማ መታሁት፤ ጥፋቱ ማፏጨቱ ብቻ ነበር።

ጥያቄሽ ጎደሎ ነው። መምህር ሆልተ ቢያየው «ያልተሟላ» ብሎ በቀይ ይጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ሰው ያወጣውን ብይ ይመልሳል ወይስ ይዞ ይሄዳል? የማይመልስ ከሆነ ሁለቱም ነጭ ሊያወጡ አይችሉም፤ አንዱ ነጭ ካወጣ ለሌላው የቀረው ጥቁሩ ነው። የሚመልስ ከሆነ ግን ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ሲባዛ አንድ አራተኛ። ስለዚህ የትኛው ነው? ቃሉን ጻፊልኝ።

ይቺን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት እንደፈጀብኝ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን እዚያ ለመድረስ በጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ነኝ።

አሁን ደግሞ የማልታዘዝሽ ነገር። አርኑልፍን አልጠየቅኩትም፤ እሱ ራሱ መጣ። ዓሣ ሊያራግፍ ቦዶ ገብቶ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ከነቦት ጫማው ቆሞ አገኘሁት። ዘበኛው ሌባ መስሎት ሊያባርረው ነበር። ሻይ ቤት ገባን። ዳቦውን በላ፣ ሻዩን ጠጣ። በመጨረሻ «ሃልቫር፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋህም ብላለች።»

«እሱንማ ለኔም ነግራኛለች። ምንም ያላጠፋ ሰው ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል?»

በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ቃል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። አሳዘነኝ። ካልወደድሽው ንገሪው፤ ከወደድሽው ደግሞ አታንገላቺው። አባዬን የሚያስታምም ሰው የለም ብለሽ ከሆነ፣ እኔ በበጋ እመጣለሁ፣ ተራ እንገባለን። ሕይወትሽን ሁሉ ለኛ ስትሰጪ መኖር የለብሽም።

ሌላ ነገር። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ወድቄ ነበር። አልተጎዳሁም። ግን ሲደጋገም አስተማሪው ወደ ከተማው ሐኪም ላከኝ። ሐኪሙ በመስመር ላይ አስኬደኝ፣ ጣቴን አፍንጫዬ ላይ አስነካኝ፣ ዓይኔን ወዲያ ወዲህ አስባለኝ። ከዚያ «አባትህ በሕይወት አሉ? ምን ሕመም አለባቸው?» አለኝ። ነርቭ አልኩት። «ምን ዓይነት ነርቭ?» አለኝ። እኔ የማላውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ። ምን ልበለው?

ሃልቫር


ግሮይ፣ ማርች 2 ቀን 1975

ውድ ሃልቫር፣

ለመልስ በመዘግየቴ ይቅርታ። የፖስታ ጀልባው በማዕበል ምክንያት ቀርቶ ነበር፤ ሲመጣም እኔ አልተዘጋጀሁም።

እትዬ ማግና በረዶ አንሸራቷት ዳሌዋን ተጎድታለች። አልጋ ላይ ሆና «እግዜር ተበቀለኝ» ትላለች። ሾርባ ስወስድላት «አሁንስ ታረቂው» ብላት «መጀመሪያ ጣሪያዬን ይመልስ» አለችኝ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ላይ አቆስጣዎች ከባሕሩ ወጥተው ሲጮሁ ይውላሉ። አባዬ ይወዳቸዋል። ንግግሩ አሁን ለኔም እየከበደኝ ነው፤ ግን ስለ አንተ ሲጠይቅ ይገባኛል። «ልጁ?» ይላል። «እየተማረ ነው» እለዋለሁ።

ለሐኪሙ የአባዬን ስምና የትሮንድሄሙን ሆስፒታል ንገረው። እነሱ ይጻጻፉ። እኔ እዚህ ላይ ልጽፈው ብዙ ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ፈሪ ነኝ። ሐኪሙ ከጠራህ ብቻህን አትሂድ፤ መምህር ሆልተን ወይም ያን ለፍላፊ ጓደኛህን ይዘህ ሂድ።

ለአርኑልፍ የምለው አሁን የለኝም። አልወደውም ብዬ ልጽፍልህ እንደማልችል ግን እግዜር ያውቃል።

የካልሲውን ጥያቄ በተመለከተ፦ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሰው ብዩን መልሶ ይከተዋል።

እህትህ


ቦዶ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1975

እህት ዓለም፣

ጽሑፉ ካማረብሽ የኔ እንዳይመስልሽ። እኔ እናገራለሁ፣ ሮልፍ ይጽፋል። ያልኩትን ብቻ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። (ሮልፍ ነኝ፤ ምያለሁ። ጤና ይስጥልኝ እትዬ ቶርዲስ። በዚያ ቀልድ አሁንም አፍራለሁ።)

ሐኪሙ ጠራኝ። እንዳልሽው መምህር ሆልተን ይዤ ሄድኩ። የትሮንድሄሙ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሐኪሙ ብዙ ነገር እየዞረ አወራ። በመጨረሻ እኔ «ዶክተር፣ የአባቴ ነው?» አልኩት። «አዎ» አለኝ። «ከአባት ሲወረስ አንዳንዴ በወጣትነት ይጀምራል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙም አልሰማሁም። ሕመሙ ያለበት ሰው ልጅ ሁሉ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው ያለውን ግን ሰምቻለሁ። መምህር ሆልተ ባርኔጣውን እያሻሸ ወለሉን ሲያይ ነበር። ስንወጣ እንደ ትንሽ ልጅ እጄን ይዞ መንገድ አሻገረኝ። እኔም አላስለቀቅኩትም።

ተናድጄብሽ ነበር፤ አልዋሽሽም። በገና ሳህኑ ሲሰበር አውቀሽ ነበር። ያለቀስሽው ለሳህን አልነበረም። አንቺ እያወቅሽ እኔ ማሞቂያውንና ብዕሩን ስረግም፣ ራሴን ደደብ እያልኩ ስሳደብ ከረምኩ። ደደብ አለመሆኔን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ብታመምም ደደብ አለመሆኔን ማወቅ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ይህን ተናግሬ ጨረስኩ። ሁለተኛ አላነሳውም።

አሁን የካልሲውን ነገር ስሚኝ። ከሐኪሙ ወጥቼ መርከቦቹ ጋ ወረድኩና ቁጭ አልኩ። እንግዲህ ጥቁሩ የወጣው ለኔ ነው፣ ስለዚህ ነጩ የቶርዲስ ነው ብዬ አሰብኩ። አትስቂ፣ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ተነሥቼ ዳቦ ገዝቼ በላሁ። ለአርኑልፍ ምን ብዬ እንደምጽፍለት ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ያ የመጨረሻ ደብዳቤሽ ትዝ አለኝ። «ይመለሳል» ብለሻል። ጥቁሩን እኔ ባወጣውም ተመልሶ ገብቷል። የኔ ማውጣት ላንቺ ምንም አልጠቀመሽም። ምንም አልጎዳሽምም። ያንቺ አሁንም ግማሽ ነው፤ ያን ቀን ትሮንድሄም ላይ እንደነበረው። ላንቺ ብዬ እንኳ ላወጣው አልቻልኩም። ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

(እትዬ ቶርዲስ፣ እያለቀሰ አይደለም። እኔ ነኝ። ይቅርታ፣ ቀለሙ የፈሰሰው ለዚያ ነው።)

ግማሽ ግን ባዶ አይደለም። አርኑልፍን ያባረርሽው በተረጋገጠ ነገር አይደለም። እንዲመርጥ ዕድል ስጪው እንጂ ለሱም አንቺው አትምረጪለት። በኔ ላይ ያደረግሽውን በሱ ላይ እየደገምሽው ነው። ንገሪው። ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ፤ ሮልፍ ይጽፍልኛል፣ ጽሑፉም ያምራል።

ፈተናውን እወስዳለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። መምህር ሆልተ በቃል እንድፈተን አስፈቅዶልኛል።

ወንድምሽ ሃልቫር
(በሮልፍ እጅ)


ግሮይ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1975

የኔ ጌታ፣

ትሮንድሄም ላይ ሐኪሙ ሲነግረኝ በመስኮቱ አንዲት ሴት ልጇን በሕፃን ጋሪ እየገፋች ስትሄድ አይ ነበር። «ልጆች አሏቸው?» አለኝ ስለ አባዬ። «ሁለት ነን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ስለ ራሴ ነበር ያሰብኩት፤ እመነኝ፣ ስለ ራሴ ብቻ። ለአርኑልፍ ልጅ አልወልድለትም ብዬ ነበር የተንገበገብኩት። አንተ ሩቅ ነበርክ፣ ወጣት ነበርክ፣ ብልህ ነበርክ። ከዚያ ደብዳቤዎችህ መምጣት ጀመሩ። ፊደሎቹ ከሳምንት ሳምንት ሲንጋደዱ አየሁ። ብርድ ነው አልክ፣ እኔም ብርድ ነው ብዬ አመንኩ፤ ማመን ስለፈለግሁ። ገና ላይ ከጀልባው ስትወርድ ግን አረማመድህን አየሁት። የአባዬ የመጀመሪያው ዓመት አረማመድ ነበር።

ደደብ አይደለህም። አንድም ቀን ደደብ ሆነህ አታውቅም። ይህን በኦክቶበር መጻፍ ነበረብኝ።

ንዴትህ ተገቢ ነው። ደግመህ አላነሳውም ብለሃል፤ ስትፈልግ አንሳው።

አርኑልፍ በዚህ ሳምንት ይመለሳል። እነግረዋለሁ። አንተ እንዳልክ ሳይሆን እንደምችለው ነው የምነግረው፤ አፌን ምን እንደሚይዘው አላውቅም።

ቶርዲስ


ግሮይ፣ ጁን 8 ቀን 1975

ውድ ሃልቫር፣

ደብዳቤህ ከመምህር ሆልተ ደብዳቤ ጋር በአንድ ጀልባ ደረሰኝ። አንተ «አለፍኩ፣ በዝቅተኛው የማለፊያ ማርክ» ብለህ ብቻ ጽፈሃል፤ እሱ ግን ሁሉንም ነገረኝ። አምስት ሰዎች ሁሉም እርስ በርስ አንድ አንድ ጊዜ ቢጨባበጡ ስንት መጨባበጥ ይሆናል የሚለው ደርሶህ፣ አንተ እያሰብክ ከውጭ የመጣው ፈታኝ ሰዓቱን ሲያይ፣ መምህር ሆልተ ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ ከተተው። «እዚህ ሰዓት አንቆጥርም» አለው። ከዚያ ሁላችሁም ጠበቃችሁ። በመጨረሻ «አሥር» አልክ። ፈታኙ እንዴት እንደደረስክበት ሲጠይቅህ «አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ የመጨረሻው ሰው የሚጨብጠው አዲስ ሰው የለም፣ ሁሉም ቀድመውታል» አልከው። መምህር ሆልተ ከዚያ በኋላ ኮሪደር ወጥቶ እንደቆየ ጽፏል። ሰውየው ሚስት የለውም እንዴ? የሱፍ ሹራብ ልሠራለት ነው።

ለአባዬ ነገርኩት። «አለፈ» አልኩት። ብዙ ቆይቶ «ማን?» አለ። «ሃልቫር» አልኩት። ፈገግ አለ፤ ወይም ፊቱ ነው የተንቀሳቀሰው፣ አሁን መለየት አይቻልም። እኔ ፈገግታ ነው ብዬዋለሁ።

አርኑልፍን ጠይቀሃል። ከወደቡ በላይ ያለው የዓሣ ማድረቂያ ጋ ነገርኩት። ዓሣ እያወረደ ነበር፤ ሥራ አላቆመም፣ እኔም እንዲያቆም አልጠየቅኩትም። የአባዬን ነገርኩት። ያንተን ነገርኩት። የኔ ግማሽ መሆኑን ነገርኩት፤ ዛሬ ይጀምረኝ ወይስ የዛሬ አሥር ዓመት ማንም እንደማያውቅ፣ ልጅ እንደማልወልድ። ስጨርስ የያዘውን ዓሣ አስቀመጠ።

«በጃንዋሪ ይህን ታውቂ ነበር?»

«ከኦክቶበር ጀምሮ።»

«ሙሉ ክረምት ባሕር ላይ ምን አጠፋሁ እያልኩ ነው የከረምኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለኝ። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ሄደ። ቤቱ ድረስ ሲሄድ አየሁት፤ አልተከተልኩትም። በማግሥቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ሱቅ ውስጥ ስንገናኝ ለባለ ሱቁ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። እትዬ ማግና ከአልጋዋ ሆና ሁሉን ሰምታ «ተይው፣ ወንድ ሁሉ እንደ ጣሪያዬ ነው» አለችኝ። እኔም ተውኩት። አንተ ልክ ነበርክ፤ እንዲመርጥ ዕድል ሰጠሁት፣ መረጠ ብዬ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ያንተን ክፍል ማዘጋጀት ነበረብኝ። ከሰገነቱ አልጋህን ለማውረድ ሞክሬ ደረጃው ላይ ተቀረቀረብኝ፤ እዚያው ትቼው ወጣሁ።

ትናንት ጠዋት አባዬን ሳጥብ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ አየሁ። አርኑልፍ ነው። አልጋህን አውርዶ ከአባዬ ክፍል አጠገብ ባለው ክፍል ዘርግቶታል። አሁን ደግሞ በአባዬ በር ሥር ተንበርክኮ ደፉን እየቆረጠ ነበር፤ ሰው እንዳይሰናከልበት፣ ባለ ጎማ ወንበርም እንዲያልፍ። ሻይ አፍልቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ። የአባዬን ጨርሶ ወደ ክፍልህ ሄደ። የወጥ ቤቱን ቆረጠ። የውጭውን በር ደፍ ቆርጦ በቦታው ተዳፋት ሳንቃ መታበት። ሻዩን ሳይነካው መጋዙን አንሥቶ ደረጃውን ወጣ። እላይ ያለው በር የኔ ክፍል በር ብቻ ነው።

ታች ቆሜ የመጋዙን ድምፅ ሰማሁ። የኔንም ደፍ ቆረጠው። ከዚያ እንጨቱን በብብቱ ይዞ ወረደና ከሌሎቹ ጋር ከምድጃው አጠገብ ከመረው። «ለሚመጣው ክረምት ማገዶ ይሆናል» አለኝ። ተቀምጦ የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣ።

ሐሙስ ከሱ ጋር በጀልባው እንመጣለን። ሮልፍ ሻንጣህን ያውርድልህ። መምህር ሆልተን የደረት ልኩን ጠይቅልኝ።

እህትህ ቶርዲስ